ከሰማይ የታየው ብርሃንና የተወገሩት ሰዎች

(በሬዲዮ ከተላለፈ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ)



መካኒሳ አቦ አካባቢ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ማታ ድንገት መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው የልጆች ጩኸት ነው። ቀጥሎ ሻማ ፍለጋ ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ ቤት ውስጥ መቀመጥ ሲሰለቸን አንድ በአንድ ወደ ግቢ እንወጣለን። ያኔ ነው ቀና ብለን የምናየው። የመንገዱና የሕንፃው መብራት ሸፍኖት የነበረው ሰማይ ለካ በከዋክብት ሞልቶ ኖሮአል!

እንዲህ ባለ አንድ ምሽት የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ቆማ ስታንጋጥጥ ቆየችና፥ «ጋሼ፥ ኮከብ ሲወረወር ሰው ይሞታል የሚባለው እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አይ፥ ተረት ነው» ብዬ ላልፋት ነበር። አፌ ግን ተያዘ። ለምን እንደ ተያዘ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ወደ ኋላ፥ ወደ 560 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ሰማይን አይቶ ስለ ሰው መፍረድ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ ታሪክ በገዛ አገራችን አለና።

1. ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችበት ብርሃን

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ነገሡ። ትልቅ ንጉሥ ነበሩ። መጻሕፍት ጽፈዋል፥ አጽፈዋል። በሰንበት ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የነበሩትን የቤተ ክርስቲያን ወገኖች በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ አስታርቀዋል። ጥንቆላንና ጣዖት አምልኮን አጥብቀው ተዋግተዋል። ይህን ሁሉ የምለው ሰውዬውን በአንድ ሥራቸው ብቻ እንዳትመዝኑ ነው።

በዚያው ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኮሳት ነበሩ። የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ናቸው፤ መጠጊያቸው በትግራይ ምድር የሚገኘው ጉንዳ ጉንዶ ገዳም ሆነ። ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ብለው፥ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል፥ ለንጉሡም አንሰግድም አሉ። ንጉሡ ይህን እንደ ክሕደትም እንደ አመፅም ቆጠሩት። ግርፋት፥ እስራትና ስደት ተከተለ። የንጉሡ ዜና መዋዕል ራሱ እንደሚተርከው፥ ከእነርሱ መካከል አፍንጫና ምላሳቸው ተቆርጦ በድንጋይ የተወገሩ ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ከውገራው 38 ቀን በኋላ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ሕዝቡ ሁሉ አየው፤ ብርሃኑም ወዲያው አልጠፋም፥ ለቀናት ቆየ። ንጉሡ ምን አሉ? «እግዚአብሔር በሠራሁት ሥራ ተደስቶአል፤ ይህ ብርሃን የእርሱ ምስክርነት ነው» በሚል ተረዱት። በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ቦታውንም «የብርሃን ተራራ» ሲሉ ደብረ ብርሃን አሉት። ቤተ መንግሥታቸውንም እዚያው ተከሉ፥ የቀረ ዘመናቸውንም አብዛኛውን እዚያ አሳለፉ። ዛሬ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በብርድ ልብሷና በዩኒቨርሲቲዋ የምናውቃት ከተማ የስሟ መነሻ ይህ ነው።

ወንድሜ፥ እህቴ፥ እስቲ ለአፍታ በተወገሩት ሰዎች ወገን ቁሙ። አባትህን ወይም የገዳም ወንድምህን ቀብረሃል። ገና አርባው እንኳ አልወጣም። በሠላሳ ስምንተኛው ቀን ሰማዩ ይበራል። አገሩ ሁሉ «ይኸው፥ እግዚአብሔር ራሱ በሞታቸው ደስ አለው» ይላል። ከድንጋዩ ይልቅ ይህ ቃል አይብስም? ድንጋዩ ሥጋቸውን ገደለ፤ የሰማዩ ትርጓሜ ግን ስማቸውን ሊቀብር መጣ።

ስማቸው ግን አልተቀበረም። መከራቸውን በግእዝ ጽፈው አቆዩት። ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ወደ አማርኛ መልሰውት ዛሬ እኛም እናነበዋለን።

ይህን የጻፍኩት በማንኛውም ቤተ ክርስቲያን ላይ ጣት ለመቀሰር አይደለም። ጣቱ ወደ ማን እንደሚዞር ቆይታችሁ ታያላችሁ።

2. ያ ብርሃን ምን ነበር?

አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ያ ብርሃን ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በ1456 እ.ኤ.አ. (1448 ዓ.ም.) በሰኔ ወር ዛሬ የሃሌ ኮከብ የምንለው ጅራታም ኮከብ ለፀሐይ ቀርቦ በብዙ የዓለም ክፍል በዓይን ታይቶአል፤ ከሸዋ ሰማይም ሊታይ ይችል ነበር። ግምት ነው እንጂ የተቆረጠ ነገር አይደለም። የሃሌ ኮከብ መታየት ግን የተረጋገጠ ነው፤ ስለዚህ በዚያው ዓመት ሌላው ዓለም ይህን ኮከብ አይቶ ምን እንዳለ እንመልከት።

በአውሮፓ ጦርነት ነበር። የኦቶማን ቱርክ ሠራዊት ወደ ቤልግሬድ ከተማ እየገሰገሰ ነበር፤ በሐምሌም ከበባት። ጅራታሙ ኮከብ ሲታይ ሰዉ ሁሉ በፍርሃት ተርጓሚ ሆነ። የሮሙ ሊቀ ጳጳስ ካሊክስቶስ 3ኛ ስለ ጦርነቱ ጸሎት እንዲደረግና ደወል እንዲደወል አዘዙ። ኋላ «ጳጳሱ ኮከቡን አወገዙት» የሚል ወሬ ተፈጠረ፤ ወሬው እውነት አይደለም፥ በትእዛዛቸው ውስጥ ስለ ኮከቡ የተጻፈ ነገር የለም። አያችሁ? ስለ ሰማይ ሲወራ ወሬው ራሱ ጅራት ያበቅላል።

በዚያው ጊዜ ግን በፍሎረንስ ከተማ ቶስካኔሊ የሚባል ሰው ነበር። 15 ዓመት ቀደም ብሎ ከኢየሩሳሌም የሄዱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለጉባኤ የገቡባት ከተማ ናት ፍሎረንስ። ይህ ሰው ምን አደረገ? ኮከቡ በየሌሊቱ ከየትኞቹ ከዋክብት አጠገብ እንደ ደረሰ እያየ በወረቀት ላይ ምልክት አደረገ። ለማን መጣ፥ ማንን ሊቀጣ መጣ ብሎ አልፈረደም። ያየውን መዘገበ፤ ያ መዝገብም ለኋላ ዘመን ተረፈ።

3. የገና ሌሊት ያየው ገበሬ

ከዚያ በኋላ እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ መጣ። በ1531፥ በ1607 እና በ1682 እ.ኤ.አ. የታዩትን ጅራታም ከዋክብት መንገድ ሲያሰላ ሦስቱም በአንድ ዓይነት መንገድ እንደ ሄዱ አስተዋለ። «እነዚህ ሦስት አይደሉም፤ አንዱ ነው የሚመላለሰው» አለ። በ1705 ይህን አሳተመ፤ በ1758 መጨረሻ አካባቢም ይመለሳል ብሎ ተናገረ። ራሱ ግን ሳያየው በ1742 አረፈ።

1758 ሲደርስ የአውሮፓ ሊቃውንት በትልልቅ መሣሪያ ይፈልጉት ጀመር። በፓሪስ ቻርልስ ሜሲየ የሚባል የታወቀ ተመልካች ለወራት ፈለገ፤ የተሰጠው ካርታ ስህተት ነበረበትና ቦታውን ሳተው። ታዲያ ማን መጀመሪያ አየው? በጀርመን አገር፥ በድሬስደን አጠገብ በምትገኝ መንደር የሚኖር ፓሊች የሚባል ገበሬ! ቀን እርሻውን ያርሳል፤ የሥነ ፈለክ ዕውቀቱን በገዛ ጥረቱ ከመጻሕፍት ነው ያገኘው። በፈረንጆች ታኅሣሥ 25 ቀን 1758፥ በልደት በዓል ሌሊት፥ በቴሌስኮፑ ሲመለከት ድብዝዝ ያለች ጭጋግ የመሰለች ነገር አየ። የሃሌ ኮከብ ተመለሰች። ሜሲየ ያገኛት ከዚያ በኋላ በጥር ወር ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ልቤ ይሞቃል። አሞጽም እኮ እረኛ ነበር፤ ስለ ሰባቱ ከዋክብትና ስለ ኦሪዮን የሚናገረው መጽሐፍ የእርሱ ነው (አሞ. 5፥8)። ሰማይ ለተማረና ላልተማረ፥ ለሀብታምና ለድሃ እኩል ተዘርግቶአል። የመግቢያ ክፍያ የለውም።

ደግሞ አስተውሉ፤ ኮከቧ የምትመለስበት ጊዜ ከታወቀ ያ ሁሉ ትርጓሜ ምን ይሆናል? በአማካይ በየ76 ዓመቱ የምትመጣ ከሆነ ንጉሥ ቢገድልም ባይገድልም ትመጣለች። መነኮሳቱ ባይወገሩም በ1456 ትመጣ ነበር። እግዚአብሔር የሠራት በመንገዷ እንድትሄድ ነው፤ የእኛን ፍርድ እንድታትምልን አይደለም።

4. ኮከቡ በእኛ ዘመን

በ1910 እ.ኤ.አ. (1902 ዓ.ም.) እንደገና መጣች። ስሌቱ ታውቆ ፍርሃቱ ግን አልጠፋም። ምድር በኮከቧ ጅራት በኩል ታልፋለች፥ በጅራቱም ውስጥ መርዛማ ጋዝ አለ ተብሎ በጋዜጣ ሲወራ በአውሮፓና በአሜሪካ «የኮከብ ክኒን» የሚሸጡ ነጋዴዎች ተነሡ። የሚገዛም አልጠፋም። በዚያው ግንቦት የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ሞቱ። በእኛም አገር በዚያን ጊዜ ዐፄ ምኒልክ በጽኑ ታመው ነበር። መተርጎም ለፈለገ ሰው ማስረጃ መቼ ይጠፋል? የሚታመም ንጉሥ፥ የሚነሣ ጦርነት፥ የሚደርቅ ሰብል በየዓመቱ አለ።

በ1986 እ.ኤ.አ. (1978 ዓ.ም.) ደግሞ መጣች። ያኔ ሰዎች ጆቶ የተባለች መንኮራኩር ልከው ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርበው ፎቶ አነሷት። ምን አገኙ? እንደ ከሰል የጠቆረ፥ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፥ በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት ጓል። ለፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንና ጅራት ይሆናል። ይኸው ነው።

ያ ጊዜ ለእኛ ምን ዘመን እንደ ነበር ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ብዙ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ታሽገው ነበር። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ከተወሰዱ ወዲህ የት እንዳሉ ቤተሰባቸው አያውቅም ነበር። ምእመናን በየጓዳው ድምፃቸውን ቀንሰው ይጸልዩ ነበር። አሁን ራሴን ልጠይቅ። ያኔ ኮከቧን አይተን «ይህ በደርግ ላይ የመጣ ቁጣ ነው» ብንል ኖሮ ደስ አይለንም ነበር? በጣም ደስ ይለን ነበር። ግን ከዘርዐ ያዕቆብ በምን እንለያለን? እርሳቸው ብርሃኑን ለራሳቸው ወገን ተረጎሙት፤ እኛም ለራሳችን ወገን እንተረጉመው ነበር። ኮከቧ ግን የማንም ወገን አይደለችም።

ጌታ ኢየሱስ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች የተናገረውን አንብቡ (ሉቃ. 13፥4)። ከሌላው የባሱ ኃጢአተኞች ስለሆኑ አይደለም ነው የሚለው። ኤርምያስም ከሰማይ ምልክት የተነሣ እንዳንፈራ ያስጠነቅቃል (ኤር. 10፥2)። በማቴዎስ 2 ደግሞ አንድ ኮከብ ታየ፤ የሰሙት ግን ሁለት ወገን ሆኑ። ሰብአ ሰገል ወደ ሕፃኑ ሄደው ሰገዱ፥ ስጦታ አቀረቡ። ሄሮድስ ኮከቡ የታየበትን ዘመን ጠየቀ፤ በዚያ ስሌትም ሕፃናትን አስገደለ። ስለዚህ ማንም ሰው ስለ ሰማይ ምልክት ሲነግራችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ትርጓሜ እጄን ለስጦታ ይዘረጋዋል ወይስ ለድንጋይ?

5. እኔና የሰኔው ግርዶሽ

አሁን የራሴን ልንገራችሁ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ ነበር። በላሊበላ ጨረቃ በፀሐይ መካከል ገብታ የእሳት ቀለበት መሰለች፤ በአዲስ አበባም ፀሐይዋ በከፊል ተሸፍና ብርሃኑ ደበዘዘ። ጊዜው የኮሮና ጊዜ ነበር። ሁላችንም ፈርተናል። በሰፈራችን ጉሊት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡ አንዲት እናት ነበሩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ሲያስሉ ሰው ሁሉ ራቃቸው። በዚያ እሑድ ጠዋት ግቢ ውስጥ ቆመን ሳለ አንዱ፥ «ይኸው ፀሐይ እንኳ ፊቷን አዞረች፤ በሽታውን ይዘው እየተደበቁ ያሉ አሉ» አለ። ወደ እኚህ እናት ቤት እያየ ነው የተናገረው። ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ፤ አስተማሪ ነኛ! እኔም ምን አልኩ? «ጌታ እየተናገረን ነው» አልኩ።

ይህችው ናት። ክፉ ቃል አትመስልም፤ በስብከት ውስጥ ሺህ ጊዜ የምንላት ናት። በዚያ ሰዓት ግን ማኅተም ሆነች። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኚያ እናት ማንም አልገዛም፤ ውኃ የሚቀዳላቸው እንኳ ጠፋ። ኋላ ሲመረመሩ በሽታው አልተገኘባቸውም። ጉንፋን ነው ተባሉ። እርሳቸው ግን በዚያው ክረምት ዕቃቸውን ጭነው ሰፈሩን ለቀቁ።

እኔ ድንጋይ አላነሣሁም። ድንጋይ ላነሡት ግን ሰማይን አዋስኋቸው። ልጅቷ ስትጠይቀኝ አፌ የተያዘው ለዚህ ነው።

ያ ግርዶሽ እኮ ከብዙ ዓመታት በፊት ተሰልቶ፥ የሚያልፍበት መንገድ በካርታ ተሠርቶ የታወቀ ነበር። ኮሮና ሳይመጣ፥ እኚያ እናት ሳያስሉ! የሚቀጥሉትም እንዲሁ ናቸው። ለምሳሌ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027) በግብፅ ሉክሶር ፀሐይ ከ6 ደቂቃ በላይ ሙሉ በሙሉ እንደምትሸፈን፥ በአገራችንም በከፊል እንደሚታይ ስሌቱ አስቀድሞ ተሠርቶአል። ያን ቀን የሚታመም ጎረቤት ይኖራል። በእርሱ ላይ እንዳትፈርዱ ከአሁኑ እነግራችኋለሁ።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። የተከራዩበትን ቤት ለማግኘት ብዙ ወራት ፈጀብኝ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። «ልጄ፥ የከፋኝ ሰዉ አይደለም፤ አምላኬም የራቀኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

6. እንግዲህ ቀና በሉ

ታዲያ ሰማይን አንመልከት ነው የምለው? ኧረ በፍጹም! ይልቁን ዘወትር እንመልከት ነው የምለው። ሰማይን የሚያስፈራን ባለማወቃችን ነው። በየማታው የሚያውቀው ሰው አንድ ሌሊት ብርሃን ቢጨመር አይደነግጥም፤ ድንጋይም አይፈልግም።

በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎችን ወደዚህ ዕውቀት ሲጋብዝ ቆይቶአል። በእንጦጦ ላይ፥ ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፥ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። እናንተ ግን ለመጀመር ዓይናችሁ ይበቃችኋል።

እዚሁ መካኒሳ አቦ ሆናችሁ ወደ ሰሜን፥ ወደ እንጦጦ ዙሩ። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ጨብጡ። ከአድማሱ አንድ ጡጫ ያህል ከፍ ብላ፥ ከተራራው በላይ የምትታይ መካከለኛ ብርሃን ያላት ኮከብ አለች፤ የሰሜን ኮከብ ናት። ሌሎቹ ሁሉ ሲዞሩ እርሷ ከቦታዋ አትናወጥም። በግንቦት ደመና በሌለበት ማታ 3 ሰዓት ገደማ ደግሞ ወደ ደቡብ ዙሩ፤ ከአድማሱ ሁለት ጡጫ ያህል ከፍ ብሎ የደቡብ መስቀል ቆሞ ታገኙታላችሁ። የአውሮፓ ሰው የደቡብ መስቀልን አያይም፤ የደቡብ አፍሪካ ሰው የሰሜን ኮከብን አያይም። እኛ ግን ሁለቱንም ከአንድ ግቢ እናያለን። በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ 2 ሰዓት ላይ በምሥራቅ በኩል ሦስት ከዋክብት ተሰልፈው ይወጣሉ፤ የኦሪዮን መታጠቂያ ናቸው። ከእነርሱ ቀድመው የወጡት፥ እንደ ጫጩት ተጠጋግተው የምታዩአቸው ሰባቱ ከዋክብት ናቸው። ስድስቱን ከቆጠራችሁ ዓይናችሁ ጤነኛ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፀሐይን፥ ግርዶሽም ሲሆን፥ በባዶ ዓይን ወይም በተራ መነጽር አትመልከቱ። ዓይን ሳያመው ይጠፋል። ለዚህ የተሠራ መከላከያ መነጽር ተጠቀሙ፤ ከሌለም ካርቶን በስታችሁ የፀሐይዋን ምስል በወረቀት ላይ ጣሉና ወረቀቱን ተመልከቱ። ልጆቻችሁንም አስተምሩ።

ለዚያች ልጅ በመጨረሻ ምን መለስኩላት መሰላችሁ? «ልጄ፥ የሚወረወረው ኮከብ አይደለም። ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ጠጠር ወደ አየራችን ሲገባ ነዶ የሚያበራው ብርሃን ነው። ማንንም አይገድልም። አንቺ ግን አንድ ነገር አስታውሺ፤ ሰማይ ሲያስፈራ የታመመ ጎረቤት ካለ፥ መጀመሪያ ወደ እርሱ ቤት ሂጂ» አልኳት።

እርሷም ትንሽ አሰበችና፥ «አሁን መብራቱ ባይመጣ ጥሩ ነበር» አለች።

የተወደዳችሁ፥ ይህችን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ አንድ ሰው አስቡ። በሆነ ዘመን «እግዚአብሔር ነው የቀጣው» ብላችሁ የራቃችሁትን ሰው። ስልኩ ካላችሁ ደውሉ፤ ቤቱን ካወቃችሁ ሂዱ። ማታ ስትመለሱ ደግሞ በራችሁ ላይ ቆማችሁ ቀና በሉ። ሰማዩ ያው ነው፤ ልባችሁ ግን ይቀልላችኋል።

ሰላም ለእናንተ ይሁን።